የዳልቻ ሕመምና ሰላምታ የጨረሰብኝ ስልክ

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ዳልቻ ዛሬም አልበላም። ትናንት ጠዋት ጭዱን አሽትቶ ተወው፤ እንደዚያም ሆኖ አረሰ። ዛሬ ሀዋ ከማሳው ዳር ለምለም ሣር አጭዳ ብታቀርብለት ምላሱን እንኳ አላወጣም። ለሃጩ እንደ ክር ተንጠልጥሏል። የፊት እግሩን እያነሳ ያራግፋል፣ ጭቃ እንደተጸየፈ ከተሜ።

"ደክሞት ነው" አልኳት ሀዋን።

"አንተ ሳትደክም እሱ በምን ደከመ?" አለችኝ። የሚስቴ ምላስ ሞረድ አይፈልግም።

መምህርታችን የማታው ትምህርት ሲያበቃ "እጃችሁ እንዳይዝግ በየቀኑ ጻፉ" ብላናለች። ስለዚህ እጽፋለሁ። ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ሰይድ ነኝ። ግማሹ ተማሪ እርሻ ደረሰብኝ ብሎ አቋርጦ ነበር፤ እሱን ማንም ስለማይጠይቀኝ አልናገርም። አሁን የሱቅ ታፔላ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ የባጃጅ ጥቅስ፣ ምንም አያመልጠኝም።

ወደ በሬው ልመለስ። እኔ አንድ በሬ አለኝ፤ ጎረቤቴ አያ ደምሴም አንድ። ከአርዲቦ በላይ ያለው መሬታችን ድንበርተኛ ነው። የኔን ዳልቻና የሱን ቡሬ አጣምደን አንድ ቀን የኔን፣ አንድ ቀን የሱን እናርሳለን። መቀናጆ ነን፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። ችግሩ ቀን ነው። ጁምዓ እኔ አላርስም። ቅዳሜና እሑድ እሱ አያርስም። በዚያ ላይ የሱ ታቦት አለ። የሚተርፈን ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ትናንት የኔን ተራ አረስን፤ ከዚያ እሱ ለልጁ ጉዳይ ውጫሌ ሄደ። ሐሙስ የሱ ተራ ነው። ጤፉ ሐምሌን ሳይዘራ ካለፈ ደግሞ ሁለታችንም ቤት ዘንድሮ ሞሰብ አይከፈትም።

የእንስሳት ሐኪሙ ደሴ እንደገባ መንገድ ተዘጋበት። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም፤ የሚያውቅ ቢኖርም አይናገርም።

ለሰው አላወራሁም። በሬ ታመመ ብለህ ካወራህ ወሬው ከበሽታው ቀድሞ ይጥለዋል። ደግሞ ባለፈው ገበያ መሐል ቆሜ "ከሐይቅ እስከ ግሸን ዳልቻን የሚያህል በሬ ካለ አምጡት!" ብዬ ፎክሬያለሁ። እንግዲህ በየትኛው አፌ?


ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ተናድጃለሁ።

ልጄ ፋጡማ ከጅዳ የላከችልኝን ስልክ ይዤ ሐይቅ ወረድኩ፣ መዲና ዘንድ። መዲና ሪያድ ሠርታ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ ናት፤ አሁን ከመነኻሪያው ጀርባ ልብስ ትሰፋለች። ስለ በሬው በዙሪያ በዙሪያው ሳወራ ቶሎ ገባት።

"ጋሼ ሰይድ፣ ለምን ኤ አይን አይጠይቁትም?"

"ማነው እሱ? የማን ልጅ ነው?"

"ሰው አይደለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነው። እኔ ከሪያድ የሚመጣልኝን የዐረብኛ መልእክት በሱ ነው የማስተረጉም። ጎረቤቴ ባለሱቁ ማስታወቂያውን ያጽፈዋል። የእህቴ ልጅ ሒሳብ ሲከብዳት እንዲያስረዳት ትጠይቀዋለች።"

"ይሄን ሁሉ ከየት አወቀው?"

"ሰው የጻፈውን ብዙ ብዙ ነገር እንዲያነብ አድርገውታል። እርስዎ ሲጽፉለት ቀጥሎ መምጣት ያለበትን ቃል እየገመተ ይመልሳል። በሬውን አያይም፣ ፎቶ ካላሳዩት።"

ገባኝ። መንዙማ ላይ መሪው ግማሹን ሲለው ቀሪውን እንደሚያነሳው ተቀባይ ነው። ጎበዝ ተቀባይ ያልሰማውን ግጥም እንኳ በዜማው ገምቶ ይዘልቀዋል። አንዳንዴ ይስታል፤ ሲስት ግን ድምፁን ዝቅ አያደርግም። ይሄን ብነግራት "ልክ እንደሱ! እንዳንተ በአንዴ የገባው የለም" አለች። (በትክክል ያለችው "ቶሎ ገባዎት" ነው። ትርጉሙ ያው ነው።)

ከፈተችልኝና መርፌዋን ያዘች። እኔ ጻፍኩ። ሰው ቤት ገብተህ "በሬዬ ታሟል" ብለህ አትጀምርም። አሰላሙ አለይኩም አልኩት። መለሰ። ደስ አለኝ። እንዴት ነህ ወይ አልኩት። ደህና ነኝ፣ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ አለ። ቤተሰብ እንዴት ነው አልኩት። ቤተሰብ የለኝም አለኝ። አንጀቴን በላው፤ አላህ ይስጥህ ብዬ ጻፍኩለት። ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል አልኩት። እኔ ዝናብ አይዘንብብኝም ግን የእርስዎ አካባቢ እንዴት ነው አለ። ሰው አክባሪ ነው። አገሩ ሰላም ነው ወይ አልኩት። እሱን ስጠይቀው እንደ ዜና አንባቢ ረጅም ነገር ደረደረ፤ ግማሹን ሳላነብ አለፍኩት። አንዷን ፊደል ፈልጌ እስካገኝ መዲና አንድ እጅጌ ትጨርሳለች።

በመጨረሻ "አንዲት ጉዳይ ነበረችኝ" ብዬ ጻፍኩ።

በነፃ የሚፈቀደው የዛሬው ጥያቄ አልቋል፣ ነገ ይመለሱ የሚል ወጣ።

መዲና ስልኩን አይታ ሳቀች፤ መርፌው ከእጇ ወደቀ። "ጋሼ ሰይድ! ለሽምግልና ነው እንዴ የሄዱት?"

"ታዲያ ሰላም ሳይሉ ነው የሚጠየቅ? አሳዳጊ የለኝም እንዴ እኔ?"

"ገንዘብ ካልከፈሉት በቀን ይህን ያህል ብሎ ይሰፍርልዎታል። ነገ በቀጥታ ይጠይቁት።"

ነዳጅ ስለሌለ ባጃጅ የለም። በጭቃ በእግሬ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ ዳልቻ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ሣሩ እንዳለ ነው።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ዛሬ ሰላምታውን ዋጥኩት። ኔትወርክ የሚይዘው ከቤታችን በላይ ጉብታው ላይ ነውና ከፈጅር ሶላት በኋላ ወጣሁ። በሬ አልበላ ብሎኛል ምን ላድርግ አልኩት።

እሱ ደግሞ ጠያቂ ነው። ዕድሜው? ከመቼ ጀምሮ? አፉ ቁስል አለው? እግሩስ? አብረውት የሚውሉ ከብቶች አሉ?

እንግዳ ፊት በሬዬን ላዋርድ? ጻፍኩ፦ በሬው በአገሩ የታወቀ ነው። ለጋ ነው። አፉ ንጹሕ ነው፣ እግሩ ብረት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ትንሽ ከፍቶታል እንጂ ሌላ እንከን የለውም።

የነገርኩትን አምኖ መለሰ። ከገለጹልኝ ተነስቼ ድካም ሊሆን ይችላል፣ ውኃ ይስጡት፣ ያሳርፉት፣ ካስፈለገ ቀለል ያለ ሥራ ብቻ፣ ካልተሻለው ሐኪም ያሳዩ አለ። "ያሳርፉት" የሚለውን ዘለልኩት። "ቀለል ያለ ሥራ" የሚለውን ያዝኩ። የሥራ ቀን አውጣልኝ ብለውም ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ እርሻ ይውጡ አለኝ። ከሳምንቱ ውስጥ የማይታረስባቸውን ቀኖች ብቻ ለቅሞ! ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ እንኳ ይነቃ ነበር።

አያ ደምሴ ከውጫሌ ተመልሶ ማሳው ላይ ቀምበር ይዞ ጠበቀኝ። ጠመድን። ጥቂት ትልም እንደሄድን ዳልቻ በፊት ጉልበቱ ወደቀ። የኔ ዳልቻ፣ ከሐይቅ እስከ ግሸን!

አያ ደምሴ ቀምበሩን ፈታ። አፉን ከፈተ። ምላሱ ተልጧል፣ ድዱ ቀልቷል። ሰኮናው መሐል ቁስል አለ። እኔ በሦስቱ ቀን አፉን ከፍቼ አላየሁም፤ ፈርቼ ነው።

"ሰይድ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዛሬ ነው" አልኩ። ወላሂ ልል ነበር፤ ወላሂዋን ዋጥኳት። እሷን ለውሸት አላወጣም። ውሸቱ ግን ወጣ።

አየኝ። ቡሬን ይዞ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።


ዓርብ፣ ሐምሌ 11

ጠዋት ሀዋ ቀንዱን ይዛ የዳልቻን አፍ ፎቶ አነሳሁ። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ወጣ። ቀጥሎ የሀዋ ነጠላ። ከዚያ አፉ። ከጁምዓ በኋላ መዲና ዘንድ ሄድኩና የትናንቱን አሳየኋት። አንብባ ራሷን ያዘች።

"ጋሼ ሰይድ፣ ይሄ እኮ የሚያጋቡት ልጅ አይደለም! እሱ በሬዎን አያይም፣ አይነካም። ያለው የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። ውሸት ካጎረሱት ውሸት ያኝካል።"

እውነቱን ጻፍኩ። ከሰኞ ጀምሮ። ለሃጩ። ምላሱ። ሰኮናው። ከሌላ በሬ ጋር ሁለት ቀን ተጠምዶ ውሏል። ፎቶውንም ጨመርን።

አፍተግር ሊሆን ይችላል አለ፣ አፍና ሰኮና የሚያቆስለው ተላላፊ በሽታ። እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ሐኪም ማየት አለበት አለ። ሐኪሙ ጋ ብንደውል አይገባም። ስልኩ የነገረኝን በእጄ ገለበጥኩት፣ ኔትወርክ አይታመንም፦

ከጤነኛ ከብት ለየው።
ደረቅ ቦታ ላይ አቁመው፣ ሰኮናውን እጠብ።
አፉን በጨው ውኃ እጠብ፣ ለስላሳ መኖ ስጠው።
ወደ ጋራ ውኃ አትውሰደው፣ ልብስህንና እጅህን ሳትታጠብ ሌላ ከብት አትንካ።
ብዙውን ጊዜ ትልልቅ ከብት ይድናል፤ ጊዜ ይፈልጋል።
አብሮት ለዋለው በሬ ባለቤት ዛሬውኑ ንገር።

የመጨረሻዋን ስገለብጥ እጄ ከበደኝ።

መቀናጆን ማፍረስ ቀላል እንዳልሆነ ላስረዳው ብዬ መቀናጆ ምን እንደሆነ ታውቃለህ አልኩት። አዎ፣ በሠርግ ላይ የሚጨፈር ባህላዊ ጭፈራ ነው አለኝ፣ በሙሉ ልብ! ደሜ ፈላ። አስተካከልኩት። ትክክል ነዎት፣ ይቅርታ አለ። ወዲያው! ለሱ ይቅርታ ምን ይከብደዋል? ጎረቤት የለው።

ዛሬ ወደ አያ ደምሴ አልሄድኩም። ዝናብ ነበር። ዝናቡ አቁሞም አልሄድኩም።


ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ሚካኤል ነው። አያ ደምሴ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለስ በረቱ ደጅ ቆሜ ጠበቅሁ፤ እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ። ከከብቶቹ ራቅ ብዬ ነው የቆምኩት።

"ምነው እንደ ሌባ ርቀህ ቆምክ?" አለ ሲደርስ።

"አያ ደምሴ፣ ሰኞ ነው የጀመረው። ሐሙስ ዋሽቼሃለሁ። ተላላፊ ነው ይላሉ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

ወደ በረቱ ዞር አለ። "ቡሬ ዛሬ ጠዋት ለሃጩ ወርዷል።"

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

"ማነው ተላላፊ ነው ያለህ? ሐኪሙ መጣ?"

"ስልኬ ነው።"

"ስልክህ በምን አወቀ?"

"እውነቱን ስነግረው ጊዜ።"

"ለስልክህ እውነቱን ነገርከው?"

"በመጀመሪያው ቀን አይደለም። በኋላ።"

ነጠላውን አስተካከለ። "የሰኞን ነገር ሐሙስ ጠዋት ብትነግረኝ ኖሮ ያን ቀን አንጠምድም ነበር። ቡሬን ላተርፈው እችል ነበር፣ ላልችልም እችል ነበር። ግን እኔ ነበርኩ የምወስነው። ለስልክ እውነት፣ ለደምሴ ውሸት! እኔ ዘንድ ሲደርስ ነው ኮታህ የሚያልቀው?"

የኮታውን ነገር ከማን እንደሰማ አላውቅም። መዲና ለከተማው ሁሉ ሳትነግር አልቀረችም።

ሚስቱ እትዬ አልጋነሽ ከውስጥ "ሰይድ ነው? ግባ በለው እንጂ፣ በታቦት ቀን!" አለች። እሱ አላለም። እኔም አልገባሁም።


እሑድ፣ ሐምሌ 13

ከአምባሰል በኩል ከንጋት ጀምሮ ተኩስ ይሰማል። ኔትወርክ ጠፍቷል። ስልኩ አሁን መብራት የሚያበራ ድንጋይ ነው። ያለኝ በእጄ የገለበጥኩት ብቻ። ማንበብ ባልማር ኖሮ እሱም አይኖርም ነበር። ይሄ ጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ነው።

ዳልቻን ከድንጋይ አጥሩ ጀርባ ደረቅ ቦታ አሰርኩት። አፉን በጨው ውኃ ሳጥበው እየዞረ ገፋኝ፤ ተቀመጥኩ፣ በጭቃው ላይ። ሀዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። "ከሐይቅ እስከ ግሸን የሌለው ተቀማጭ!" አለችኝ።

ከዚያ የከበደውን ሠራሁ። ወደ ውኃ የሚወርዱትን መንገድ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው፦ በሬዬ ታሟል፣ ተላላፊ ሊሆን ይችላል፣ ከብቶቻችሁን ከኔ መሬት በላይ አሻግሩ። አንዱ ጎረምሳ "ያ ገበያ ላይ የፎከሩለት በሬ ነው?" አለ። ነው አልኩት። "እንግዲህ ከግሸን ያምጡልን ሌላ!" ተሳሳቁ። ቆሜ ተቀበልኩ፤ ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ከቀትር በኋላ አያ ደምሴ መጣ። ቡሬን እየሳበ። ቡሬ በየእርምጃው እግሩን ያራግፋል።

"ስልክህ ከጤነኛው ለይ ነው ያለህ አይደል?"

"አዎ።"

"ሁለቱም ከታመሙ ከማን ይለያሉ?"

ቡሬን ከዳልቻ አጠገብ አሰረው። "ቤቴ ጊደርና ጥጃ አሉ፤ እነሱን ላትርፍ። ደግሞ መቀናጆ ለማረስ ብቻ ነው ያለህ ማነው? ጨዉን አምጣ።"

አፉ ብዬሃለሁ አላለም። ጨዉን አመጣሁ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ሰማዩ ለዘር ብሎ ያዘንባል፤ እኛ የበሬ አፍ እናጥባለን። ከታች ያሉት ማሳዎች ሲታረሱ ይታየናል። በሬ የሚያውሰን የለም፣ እውነታቸውን ነው። የመሬቱ ሽታ ሲመጣ አያ ደምሴ ፊቱን ያዞራል። በጅ ልንቆፍር ሞከርን፤ እሱ ወገቡን ያዘ፣ እኔ ተስፋዬን ቆረጥኩ።

እትዬ አልጋነሽ የገብስ አጥሚት ላከች፤ ዳልቻ አንድ ሁለቴ ላሰ። ቡሬ ዞር አለ።

"ያ ነገር ሌላ ምን ያውቃል?" አለኝ አያ ደምሴ ሲያርፍ። ከሐሙስ ወዲህ በሬ ያልሆነ ነገር ሲያወራኝ የመጀመሪያው ነው።

ወሬዬን ዘረጋሁ። ዐረብኛ ይተረጉማል፣ ማስታወቂያ ይጽፋል፣ ሒሳብ ያስረዳል፣ የበሬ ምላስ አይቶ...

"ዋሽቶ ያውቃል?"

"መዋሸቱን እንጃ፤ ሳያውቅ የሚያውቅ ይመስለዋል። መቀናጆ የሠርግ ጭፈራ ነው ብሎኛል።"

አያ ደምሴ ሳቀ፤ እየሳለ ሳቀ። "እሱስ አልተሳሳተም። አንተን ይዞ ማረስ ጭፈራ እንጂ ምንድን ነው?"

ሳቁን ሰምታ ሀዋ ከቤት ወጣች። አየችን። ምንም ሳትል ተመለሰች፤ ምላሷም አንዳንዴ ያርፋል።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ዳልቻ በላ! የእጅ እፍኝ ሣር። ከዚያ ሌላ እፍኝ። አልሀምዱሊላህ። እግሩ ገና ነው፤ ለቀምበር ሲደርስ ሐምሌ ያልቃል አያልቅም አላውቅም።

ቡሬ አልበላም። ዓይኑ ጠልቋል። አያ ደምሴ ጠዋት መጥቶ አየውና ግንባሩን አሻሸው። "ያንተው ሲነሳ የኔው ሊተኛ ነው" አለ፣ ቀስ ብሎ።

ተኩሱ ቆሟል። ኔትወርክ መጣ ሲሉ ሁለታችንም ጉብታውን ወጣን። ስልኩን ከፈትኩ። አያ ደምሴ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ አለ።

"በመጀመሪያ እንዴት አደርክ በለው።"

"ተው አያ ደምሴ! ሰላምታ ኮታ ይበላል!"

"ኧረ ነውር ነው። ጉዳይ ይዘን መጥተን ሰላም ሳንል? ቤተሰቡንም ጠይቀው።"

"ቤተሰብ የለውም!"

"ምስኪን። እንግዲያው እሱን ራሱን ጠይቀው።"

አንድ ሰላምታ ፈቀድኩለት። አንድ ብቻ። ከዚያ ቀጥታ ጻፍኩ፤ እየጻፍኩ እያነበብኩለት፦ ቡሬ ዛሬም አልበላም። ከቅዳሜ ጀምሮ ነው። ምላሱ ተልጧል፣ ዓይኑ ጠልቋል፣ ውኃም ጥቂት ነው የሚጠጣው። የያዘው ከኔ በሬ ነው።

የመጨረሻዋን ሳነብ አያ ደምሴ "እሷን ደግሞ ምን አስጻፈህ?" አለ።

"ውሸት ካጎረሱት ውሸት ያኝካል።"

እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። አላነሳውም።

ላክሁት። ትንሿ ክብ መዞር ጀመረች።

"እያሰበ ነው?" አለኝ።

"ኔትወርኩ ነው።"

ከታች ከድንጋይ አጥሩ ጀርባ ዳልቻ ተኝቷል፤ መንጋጋው ይንቀሳቀሳል፣ ያመነዥካል። ቡሬ አጠገቡ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ክቧ እንደዞረች ነች። ይቺን የምጽፈው እዚያው ቁጭ ብለን ነው፤ አያ ደምሴ "ዝናብ ሊመጣ ነው" ይላል፣ ግን እሱም አልተነሳም።